ሳይወርድ አይደመሰስም

ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 14 ቀን 2008 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለአብዱሰመድ፣ ሰበታ፤

እንደምን ከርመሃል? መብሩካና ልጃችሁ እንዴት ናቸው? አሪጅስ ፈተናዋን ጨረሰች? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደህና ማለት እንግዲህ እንደ ሰሞኑ ነው፤ አድሮ የተነሳ ሰው ሁሉ ደህና ይባላል።

መልስ ስላዘገየሁ ይቅር በለኝ። ስልክ ለምን አታነሳም ብለህ መቆጣትህን በሪሁን ነግሮኛል። አንተ ሰው፣ አየር መከላከያ እያለን ከጎናችን የነበሩት የመገናኛ ልጆች የሰው ወሬ እንዴት እንደሚጠልፉ በዓይናችን አይተን፣ ዛሬ በዚህ ዘመን በስልክ ላውራህ? በሪሁን በአይሱዙው ከዚህ ድንች ጭኖ ሰበታ ሲያራግፍ ደብዳቤያችንን ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ያደርሳል። የበሪሁን መቀመጫ ጆሮ የለውም።

አሪጅ ስለላከችው ፎቶ ለጠየቅከኝ፦ አዎ፣ ራሱ ነው። በልጄ በዕድላዊት ስልክ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ያ እንደታጠፈ ወረቀት ማዕዘን ማዕዘን የሆነው አካሉ፣ ያ ሹካ የመሰለው ጭራው። ኤፍ 117፤ አንተ «የሌሊት ጭልፊት» እያልክ ሥዕሉን ሱቅህ ውስጥ ከሚስማሩ መደርደሪያ በላይ የለጠፍከው፣ ራዳር አያየውም የተባለው ጉደኛ። አሜሪካኖቹ በ2000 ዓ.ም. ጡረታ ወጣ ብለው ሲሸኙት ሱቅህን ግማሽ ቀን ዘግተህ ሐዘን አልተቀመጥክም? እኔስ ያን ጊዜ ምን አልኩህ? ሲቆራረጥ አይተሃል ወይ አላልኩህም? ስትስቅብኝ ኖርክ። ይኸው፣ በበረሃ ሰማይ ላይ ሲበር ሰው ከመሬት ሆኖ ፎቶ አነሳው!

የሻለቃችንን ትእዛዝ ረሳኸው እንጂ እንዲህ አትሞኝም ነበር። እኔ በራዳሩ ስክሪን ላይ ያየሁትን ስጠራልህ አንተ ከመስተዋት ሰሌዳው ኋላ ቆመህ በሰም እርሳስ ትነድፍ ነበር። አውሮፕላኑ ከስክሪኔ ሲጠፋ የመጨረሻ ቦታውን ታከባለህ እንጂ አታጠፋውም። ሌላ ጣቢያ «አየሁት» ወይም «ወረደ» እስኪለን ድረስ ክቡ እዚያው ያድራል። «ሳይወርድ አይደመሰስም» ይል ነበር ሰውዬው፣ ነፍሱን ይማረውና።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ይሄ ነው። እኔንና አንተን በ83 ጡረታ ሳያወጡ አባረሩን፤ እሱን ጡረታ አውጥተው ያበሩታል።

ስለ ሠርጉ ለጠየቅከው፣ የጥር ወሩ ቀጠሮ እንዳለ ነው። ሙሽራው ጃራ ሥራ በዝቶበት ነው ያልጻፈልህ፤ ሰላም ብሎሃል። ልብስ ለማሰፋት ግን አትቸኩል።

ወንዳፍራሽ


ሰበታ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2008

ሻምበል፣ አሰላሙ አለይኩም።

ሰላምታውን ለአላህ ብዬ ጻፍኩት እንጂ ላንተስ አይገባህም ነበር። «ጃራ ሥራ በዝቶበት ነው»! የበሪሁን መቀመጫ ጆሮ የለው ይሆናል፤ በሪሁን ግን አፍ አለው። ልጁ ያንን ደብዳቤ ከመጻፍህ በፊት መወሰዱን ድንቹን እያራገፈ ነገረኝ።

እኔን ትደብቃለህ? ያንን ልጅ ከአባቱ ከኦቦ ገርባ ጋር ሽማግሌ ሆኜ በርህ ላይ ያቆምኩት እኔ አይደለሁም? የሃያ ምናምን ዓመት ጓደኛዬ ቤት እንደ ባዕድ ቆሜ «ልጅህን ለልጃችን» ስልህ፣ አንተም እንደማታውቀኝ «ዘመዶቻችሁ እነማን ናቸው?» ብለህ ስትጠይቀኝ፣ ዕድላዊት ጓዳ ውስጥ ሳቋን መያዝ አቅቷት አልነበረም? ጃራ ያንተ አማች ብቻ መሰለህ? እኔ የለመንኩለት ልጅ ነው።

ስለ አውሮፕላኑ አሸንፈሃል፤ እሺ። ሥዕሉን ግን አላነሳውም።

አሁን ልቆጣህ ጀመርኩና አፈርኩ፤ እኔም ደብቄሃለሁና። የእህቴን ልጅ የህያን ከሱቄ ደጃፍ ወስደውታል። መንገድ ተዘግቶ ጎማ የነደደ ዕለት መዝጊያውን ሲያወርድ አገኙት። «ለምን ዘጋህ?» ብለው ወሰዱት። ጎረቤቴን ደግሞ ለምን ከፈትክ ብለው ወሰዱት። እንግዲህ ምን እንድናደርግ ነው የሚፈለገው? ግማሽ ከፍተን እንቁም?

የህያ ያለው ከከተማው ወጣ ብሎ ባለ አሮጌ መጋዘን ውስጥ ነው። ማክሰኞና ዓርብ ስንቅ ይቀበላሉ። ስም ጠርተው ምሳ ዕቃውን ያስገባሉ፤ ባዶውን ይመልሳሉ። መብሩካ ባዶ ምሳ ዕቃ ሲመለስላት ልጅ እንደወለደች ሴት ፊቷ ይበራል። በልቷል፣ ስለዚህ አለ።

የጃራን ነገር አንድ ሳታስቀር ጻፍልኝ።

አብዱሰመድ


ሱሉልታ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2008

ወንድሜ፣

ስለ የህያ በጣም አዝኛለሁ። አላህ ያውጣልህ። ስለደበቅኩህም ይቅርታ፤ በወረቀት ሳሰፍረው እውነት እንዳይሆን ፈርቼ ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ምን አደረገ ላልከኝ፣ ስማ። ነገሩ እንደሚሉት የማስተር ፕላኑ ነው፤ አዲስ አበባ ወዲህ ትመጣለች ማለት ነው። ሰዎች መጥተው የኦቦ ገርባ የገብስ ማሳ ላይ ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተከሉ። ሽማግሌው «አከም ጅርቱ፣ ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ብሎ ሰላምታ አስቀድሞ በትሕትና ጠየቃቸው። «ለልማት ነው፣ አባባ» አሉት። ልማቱ የማን እንደሆነ አልነገሩትም። ጃራ በማግስቱ ችካሎቹን ነቀለና አንዷን ከበረት አጠገብ መትቶ ጥጃ አሰረባት። ይኸው ነው ወንጀሉ! ሲወስዱት ማስረጃ ብለው ችካሏንም ነቅለው ይዘው ሄዱ፤ ጥጃዋ እናቷን ጠባችና ወተት የሚባል ሳይገኝ ቀረ።

ቀለሙን ደግሞ ካንተ ሱቅ ገዝተውት እንዳይሆን። ቀልዴን ነው። ግን ተናድጄ የምቀልደው ቀልድ ነው።

እኔስ ማን ነኝ? ከመርካቶ ኪራይ ሸሽቼ ከዚሁ ሰውዬ ማሳ ጫፍ ላይ መሬት ገዝቼ ቤት የሠራሁ ሰው ነኝ። ያን ጊዜ ሌላው ጎረቤት ሁሉ እንደ ወራሪ ሲያየኝ በጭቃው ያገዘኝ፣ የቤቴን ቆርቆሮ ከአናት ሆኖ የመታው ጃራ ነው። ማታ ማታ የራዳር ወሬ ያስወራኛል። ጭልፊቱ እንዴት እንደሚሰወር ላሳየው ብዬ የሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት አጥፌ ሠራሁለት፤ ክብ የለውም፣ ሁሉ ነገሩ ጠፍጣፋ ነው፣ የመጣበትን ወደ ሌላ ይገፋል አልኩት። ከዚያ ወዲህ እጁ ሥራ ሲፈታ እሱኑ ማጠፍ ሆነ። ሁልጊዜ አንዱን ክንፍ ያሳጥረዋል። «አንተ ልጅ፣ ይሄ ይወድቃል» እለዋለሁ፤ «ጋሼ፣ እየዞረም ቢሆን ይደርሳል» ይለኛል። ዕድላዊት ቤት በጠረገች ቁጥር ከሶፋ ሥር ሦስት አራት አውሮፕላን ታወጣለች። ሰሞኑን አትጠርግም።

የት እንደወሰዱት የሚነግረን የለም። መጀመሪያ እዚሁ ነበር፤ ከዚያ «ተዛውሯል» አሉን። ወዴት ስንል «ይነገራችኋል»።

ወንዳፍራሽ


ሰበታ፣ ጥር 6 ቀን 2008

ሻምበል፣ አብሽር! አብሽር!

ሬዲዮኑን ሰማህ? ማስተር ፕላኑ ተሰረዘ። ራሳቸው ተናገሩት። መብሩካ እልል አለች፣ ያውም ከጎረቤት ያለው ቡና ቤት ሁሉ እየሰማት።

በዚህ ላይ ማክሰኞ ለየህያ ስንቅ ላደርስ ሄጄ በር ላይ ያለውን ሰውዬ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። «የሱሉልታዎቹ እዚህ ነበሩ፤ ተፈተዋል፤ በዚህ ሳምንት አገራቸው ይገባሉ» አለኝ። ከመጋዘኑም ልጆች የጫነ መኪና ሲወጣ አየሁ። ፊታቸውን አላየሁም፤ ግን ጃራ አንዱ ካልሆነ ማን ይሆናል?

ላንተ ጽፌ መልስ እስክጠብቅ አላስቻለኝም። አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ። ለኦቦ ገርባ በቀጥታ በበሪሁን በኩል ልኬለታለሁ፦ «ልጅህ ተፈቷል በለው፣ ይደግስ» ብያለሁ። የልብሱንም ነገር ጨርሻለሁ፤ ግራጫ ነው፤ አትሳቅ።

እባክህ አንድ ጊዜ እንኳ ደስ ይበልህ።

አብዱሰመድ


ሱሉልታ፣ ጥር 15 ቀን 2008

አብዱሰመድ፣

ጃራ አልመጣም።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ስድብ ብቻ እየሆነብኝ። አሁንም ብትቀየም ተቀየም።

ኦቦ ገርባ ያንተን መልእክት እንደሰማ ለሠርጉ ያሰበውን ወይፈን አረደ። ያንተን ቃል ነዋ! የልጁ ሽማግሌ ነህ፣ ሐጂ ነህ፣ አትዋሽም። አገሩ ሁሉ መጣ። ሴቶቹ እየዘፈኑ መንገድ ዳር ወጥተው ጠበቁ። በጎጃም መንገድ የሚመጣ ሚኒባስ በቆመ ቁጥር እናቱ ትሮጣለች። እስኪመሽ ሮጠች። ምግቡ ቀዘቀዘ። ከዚያ አንዲት ሴትዮ፣ ክፉ አስባ አይደለም፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ማልቀስ ጀመረች። ሌላዋም ተከተለቻት። ገብቶሃል? በሕይወት ያለ ልጅ፣ በራሱ ወይፈን፣ ሊለቀስለት ምንም አልቀረው! እኔ ነኝ ተነስቼ ጮኼ ያስቆምኳቸው። ባለጌ ነው ብለውኛል።

በማግስቱ እዚህ ያለው ቢሮ ሄድን። ወጣት ነው ኃላፊው። «ተፈቷል ተባለ እኮ፣ አባባ» አለ። ካልመጣስ? «እንግዲህ ሠርግ ደርሶበታል አሉ፤ ማግባቱን ፈርቶ ተሰውሮ ይሆናል» ብሎ ሳቀ። ዕድላዊት አጠገቤ ቆማ ነበር። እጄን ይዛ ባታስወጣኝ ኖሮ ዛሬ ስንቅ የምታመላልሱት ለእኔ ነበር።

ተሰረዘ ላልከው ፕላን ደግሞ ና እና እይ። ችካሎቹ እንደገና ተተክለው ማሳው ላይ ናቸው። «ለምን አትነቅሏቸውም?» ስንል «እንደተሰረዘ ሰማችሁ አይደል፣ ምን አስቸኮላችሁ?» ይሉናል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። አውሮፕላኑ ጡረታ ወጣ፤ ይበራል። ፕላኑ ተሰረዘ፤ ተተክሏል። ልጁ ተፈታ፤ የለም! በቃል ብቻ ሁሉ ነገር ያልቅላቸዋል።

እነሱስ ይዋሹ፤ ሥራቸው ነው። አንተ ግን ሳታየው ለምን ደመሰስከው? ሰሌዳው ላይ ማን ነበር የቆመው? ስክሪን የጠፋበት እኔ፣ እርሳሱን የያዝከው አንተ! ፊቱን አየህ? ድምፁን ሰማህ? አንድ በር ጠባቂ «ወረደ» ስላለህ ክቡን በእጅህ አበስከው።

እንደገና አክብበው። ከዚያ ፈልግልኝ። ሌላ የምለምንህ የለኝም።

ወንዳፍራሽ


ሰበታ፣ ጥር 26 ቀን 2008

ሻምበል፣

ስድብህን ሁሉ ተቀብያለሁ። አንዱን ብቻ እመልሳለሁ፤ ሐጂ አይደለሁም፤ ሰዉ ነው የሚለኝ። ኦቦ ገርባን በምን ዓይኔ እንደማየው አላውቅም። ወይፈኑን እተካለሁ ማለት ቀላል ነው፤ የእናቱን ሩጫ ግን በምን እተካዋለሁ?

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ የተለጠፈውን ሥዕል ትኩር ብዬ አየሁት። ሰርቢያዎቹ ይህንን ጉድ በአሮጌ የሶቪየት ራዳር፣ በእኛው ራዳር ዘመድ፣ አይተው የጣሉት ምን ስላደረጉ ነው? ሌላው አይታይም ብሎ ሲተው እነሱ የሚመጣበትን መንገድ አውቀው ስለጠበቁት ነው። እኔም መንገዱን አውቀዋለሁ፤ በምሳ ዕቃ ነው የሚያልፈው።

ማክሰኞ በጃራ ስም ስንቅ አቀረብኩ። «የለም፣ ተፈቷል» ብለው መለሱት። እሺ አልኩና ወጣሁ። ዓርብ በየህያ ስም ትልቁን ምሳ ዕቃ አዘጋጀሁ፣ ለሁለት ሰው የሚበቃ፤ መብሩካ ከላይ ቆሎ ጨመረችበት፤ ከቆሎው ጥቂቱን በሲጋራ ፓኮ የብር ወረቀት ጠቅልላ ከተተች። ሌላ ምንም የለም። አንዲት ፊደል የለችበትም። ጠባቂው ወጡን በማንኪያ አማሰለ፣ ወረቀቱን ገልጦ አየ፣ ቆሎ ብቻ ሆነበት። አስገባው።

ባዶው ወጣ። ባዶ ዕቃ ማን ይፈትሻል? ቤት እስክደርስ አልከፈትኩም። አሪጅ ከፈተችው። ከክዳኑ ሥር ተለጥፎ አንድ አውሮፕላን አለ፤ አውራ ጣት የሚያክል። ማዕዘን ማዕዘን፣ ጭራው ሹካ።

አንዱ ክንፉ አጭር ነው።

መብሩካ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። እኔ አላለቀስኩም እንዳልልህ፣ አሪጅ ትመሰክርብኛለች። የሱሉልታዎቹ ተፈተዋል! እዚያው ውስጥ ናቸው፣ ከእህቴ ልጅ ጎን! ይህን ሁሉ ጊዜ የየህያን እንጀራ ቢጋሩ ነው እንጂ ማን ስንቅ አቀበላቸው? ለማንስ እናምጣ፤ «የለም» የተባለ ሰው አይራብም መሰላቸው?

ሻምበል፣ ከሰበታ ጣቢያ ነው የምነግርህ። አየሁት። ክቡን መልሼ አክብቤዋለሁ፤ እስኪወርድ ከሰሌዳው አልነቃነቅም። አውሮፕላኑን ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ለዕድላዊት ስጣት፤ መጀመሪያ ግን ለእናቱ አሳያት።

አብዱሰመድ


ሱሉልታ፣ መጋቢት 9 ቀን 2008

ለወንድሜ፣ ለሰሌዳው ጌታ፣ ለአብዱሰመድ፤

ምን ሆናችሁ፣ ለምን ዝም አላችሁ ብለህ ሦስት ጊዜ ጽፈህልኛል። ይቅር በለኝ፤ ሽማግሌዎቹን ይዘን ቢሮ ለቢሮ ስንመላለስ እጄ ብዕር አልጨበጠም።

አውሮፕላኑን እናቱ እጇ ላይ አድርጋ ክንፉን በጣቷ ለካችው። ከዚያ ጣሳ ሙሉ ውሃ ጠጣች፤ ከዚያ ድግስ ወዲህ በወጉ የጠጣችው ያኔ ነው። ኦቦ ገርባ በልመና ወግ እርጥብ ሣር ይዞ፣ ሽማግሌዎቹም እንደዚያው፣ ቢሮው ደጅ ተቀመጥን። ያ ወጣት ወጣና «ተፈቷል አልናችሁ» አለ። ኦቦ ገርባ አውሮፕላኗን ደረጃው ላይ አስቀመጠለት። «ልጄ ተፈቶ ከሆነ ይሄን ከመጋዘናችሁ ማን ላከልኝ?» «ይሄ ቆሻሻ ነው» አለ ወጣቱ። ግን አልሳቀም። እኛም አልተነሳንም፤ በየቀኑ ሣሩን እየለወጥን ተመለስን።

ትናንት በሪሁን ደብዳቤ አላመጣም። አይሱዙው ከቤቴ በላይ ቆመ፤ ከኋላው ባዶ የድንች ጆንያ ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል። ራሱ ተላጭቷል። እናቱ እንደሌላው ጊዜ አልሮጠችም፤ እሱ ሮጦ ደረሰባት። ዕድላዊት ከጓዳ መጥረጊያ እንደያዘች ወጣች። እንግዲህ ዛሬ ቤቱ ተጠርጓል።

ሠርጉ ለትንሣኤ ማግስት ነው። ወይፈን የለንም፤ በግ ይበቃል፤ ላንተ የሚሆነውን ራስህ ታርዳለህ። ግራጫውን ልብስህን ልበስ፤ እስቃለሁ። የህያም ከዚህ ሳምንት አያልፍም ብሎኛል ጃራ። አምነው ብዬ አልነግርህም፤ ጠብቅ።

አንድ ነገር ግን ስማ። ሲለቁት በር ላይ ያዙትና «ከጥር ጀምሮ ውጭ ነበርክ፤ ማንም ቢጠይቅህ እንደዚያ ነው የምትለው» አሉት። አስደገሙት። እስኪለው ድረስ አልለቀቁትም። ትናንት ራት ላይ ሰው የት ነበርክ ሲለው፣ ልጁ ጉርሻውን እንደያዘ «ከጥር ጀምሮ ውጭ ነበርኩ» አለና ራሱ ደነገጠ።

ስለዚህ ከሱሉልታ ጣቢያ ይኸው፦ ወረደ። በዓይኔ አየሁት፣ በእጄ ዳሰስኩት። ጃራን አሁን ደምስስ።

ሁለቱን ወር ግን እንዳትደመስስ።

ወንዳፍራሽ